ከደረጃው ሥር ያሉት ሁለት ሳጥኖች

"ወላሂ መልሻለሁ" አለች ጁዋይሪያ።

"የት?"

"ሳጥን ውስጥ።"

አቶ ኣረጋዊ የተማሪነት መታወቂያዋን ከባንኮኒው ላይ አንስተው እንደገና አስቀመጡት። "የሳጥኑ ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነው ያለው። ጠዋት ከፍቼዋለሁ። የአንቺ መጽሐፍ የለበትም።"

"አንተ ደህና አድርገህ አላየህም።"

በንባብ ክፍሉ ያሉ ተማሪዎች ቀና አሉ። አቶ ኣረጋዊ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የውሰት ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ዲኖቹ ሳይቀሩ "እርስዎ" የሚሏቸው ሰው። ጁዋይሪያ ግን "እርስዎ" የሚባል ነገር መኖሩን አታውቅም ነበር። አማርኛ የተማረችው ካርቱም፣ እናቷ ግቢ ውስጥ ተከራይተው ይኖሩ ከነበሩ ሁለት የኢትዮጵያ ሴቶች ነው። እነሱ እርስ በርሳቸው "አንቺ" ነበር የሚባባሉት፤ ወንድ ሲመጣ ደግሞ "አንተ"።

"አንተ!" አሉ አቶ ኣረጋዊ ቀስ ብለው። "ሰምተሻታል ሠርክአዲስ? አንተ ተባልኩ።"

ሠርክአዲስ አጠገባቸው ቆማለች። ከደብረ ብርሃን ተመድባ መቐለ ከመጣች ዓመት ያልሞላት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናት። ትግርኛዋ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም፤ ሥራዋንም አለቃዋንም ገና እየለመደች ነው። አንገቷን ደፋች።

ይህ የሆነው ሰኞ ነው። በዚያው ዕለት አቶ ኣረጋዊ ክሳቸውን ጽፈው ለሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ሰጡ። ኮሚቴው ጁዋይሪያን ለረቡዕ፣ ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ቀጠራት። የቤተ መጻሕፍት ንብረት መስረቅ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያሳግዳል። ለሌላው ተማሪ አንድ ዓመት ቤተሰብ ጋ ሄዶ የሚያሳልፈው የተበላሸ ጊዜ ነው። ጁዋይሪያ ግን በጦርነት ምክንያት የውሃ ምህንድስና ትምህርቷን ከመሐል አቋርጣ ከካርቱም የወጣች ልጅ ነች። የመኖሪያ ፈቃዷ የተማሪነት ነው፤ ከታገደች ፈቃዱም አብሮ ይቆማል። እናቷ ደግሞ ድንበር ላይ ያለ መጠለያ ውስጥ ነው ያሉት።

የጠፋው መጽሐፍም ተራ መጽሐፍ አልነበረም። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ መሐንዲስ ከቁሓ እስከ ውቅሮ በእግሩ ዞሮ ምንጩንና ጉድጓዱን ሁሉ የለካበት፣ በታይፕ የተጻፈ ጥናት ነው። በእጅ ቀለም የተቀቡ ተጣጣፊ ካርታዎች አሉት። ሌላ ቅጂ የለውም። ጦርነት መቐለ ሲደርስ አቶ ኣረጋዊ በጆንያ አድርገው በጋሪ ወደ ቤታቸው ካሸሿቸው መጻሕፍት አንዱ እሱ ነበር። ሲመለሱ ብዙው መደርደሪያ ባዶ ሆኖ ነው ያገኙት። ያቺ ጆንያ ባትኖር ያ ጥናት ዛሬ ስሙ እንኳ አይነሳም ነበር። ስለዚህ ሰውየው በዚህ መጽሐፍ ላይ ቀልድ አያውቁም።

ሠርክአዲስን ግን ከሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳት ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ሐሙስ መጽሐፉን ለጁዋይሪያ በእጇ የሰጠቻት እሷ ነች። መታወቂያዋን ተቀብላ፣ መጽሐፉን አቀብላ፣ "ሪዘርቭ ነው" አለቻት። ልጅቷም ፈገግ ብላ አመሰገነች። አመሻሹ ላይ መብራት ጠፋና አንባቢው ሁሉ ተግተልትሎ ወጣ። የበሩ ጥበቃ ሃፍታይ የሁሉንም ቦርሳ ማየት አልቻለም። ጁዋይሪያ ግን መጽሐፉን ቦርሳ ውስጥ አልከተተችውም። ደረቷ ላይ አቅፋ በግላጭ ነው ይዛው የወጣችው። ይሄንን ሃፍታይ ራሱ መስክሯል። ሌባ እንዲህ ነው የሚወጣው?

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ሠርክአዲስ ወደ ውጪ ወጣች። ጁዋይሪያ እንዳትገባ ስለተከለከለች በሩ ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጣለች። ሻርፗን ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ እጆቿን ጭኖቿ መሐል ከታለች።

"ሐሙስ ዕለት 'ሪዘርቭ ነው' ስልሽ ምን መሰለሽ?"

ጁዋይሪያ ቀና ብላ አየቻት፤ ወጥመድ ይሁን አይሁን የምትመዝን ትመስላለች። "ለእኔ የተያዘ። ሆቴል ሪዘርቭ፣ አውሮፕላን ሪዘርቭ። በዐረብኛ 'መሕጁዝ' እንላለን። ይሄ መጽሐፍ ለአንቺ ተይዟል አልሽኝ። በጣም ጥሩ ሰው ነሽ አልኩኝ በልቤ።"

ሠርክአዲስ አጥሩ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። "እዚህ ሪዘርቭ ማለት ከዚያ ክፍል የማይወጣ መጽሐፍ ማለት ነው። እዚያው ተነብቦ እዚያው የሚመለስ።"

"ማን ነገረኝ?"

ለአዲስ ተማሪዎች ገለጻ ይደረጋል፤ ግን ከውጭ አገር የመጡት በመሐል ነው የገቡት፤ ገለጻው ካለፈ በኋላ።

"ቆይ፣ ሳጥን ውስጥ መለስኩ ያልሽው የት ነው? በአፍሽ አትንገሪኝ። ተነሺና አሳዪኝ።"

ሃፍታይ በሩ ላይ እጁን ዘረጋ። "ሓፍተይ፣ እህቴ፣ እሷ አትገባም ተብሏል።"

"እኔ ነኝ የማስገባት። ደረጃው ሥር ድረስ ብቻ።"

ሃፍታይ ወደ ውሰት ክፍሉ ዐይኑን ወርወር አደረገና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ገቡ።

ከደረጃው ሥር ሁለት ሳጥኖች አሉ። አንደኛው ሰማያዊ የተቀባ ብረት ነው፤ ቀጭን አፍ አለው፤ ላዩ ላይ በእንግሊዝኛ "ቡክ ድሮፕ" ተብሎ ተጽፏል። ተማሪ ያነበበውን የሚመልሰው እዚያ ነው። ሁለተኛው ክዳን የሌለው ትልቅ የእንጨት ሣጥን ሲሆን "ዊዝድሮውን" ይላል። ያረጁ፣ የተቀዳደዱ፣ ከአገልግሎት የወጡ መጻሕፍት የሚጣሉበት ነው።

ጁዋይሪያ ሳታመነታ የእንጨቱን ሣጥን አሳየቻት።

"እዚህ? ይሄ እኮ የሚጣል ነው!"

"የሚጣለው ያ ነው" አለች ጁዋይሪያ፣ ወደ ሰማያዊው እየጠቆመች። "ድሮፕ። ሬጅስትራር 'አድ' እና 'ድሮፕ' ይላል። ኮርስ ድሮፕ ካደረግሽ አለቀ፣ ተጣለ። እንደዚህ ያለ መጽሐፍ እንዴት ድሮፕ አደርጋለሁ? የዶርሜ ልጅ ዕፀገነት ደግሞ ስትታመም 'ዊዝድሮው' አደረገች። ዊዝድሮው ያደረገ ይመለሳል አሉኝ። እሷም ተመለሰች። እኔም መጽሐፉ የሚመለስበት ይሄ ነው ብዬ..." ድምጿ እየቀጠነ ሄደ። የሠርክአዲስን ፊት እያየች ነበር።

ሠርክአዲስ ሣጥኑ ላይ ጎንበስ አለች። ከታች ከተበተነ አቧራና ከአንድ የቀን መቁጠሪያ ቅዳጅ በቀር ባዶ ነው።

"ሃፍታይ! እዚህ ውስጥ የነበረው የት ገባ?"

"ጠዋት መኪና መጥቶ ጫነው። ሰሜን ካለው ካርቶን ፋብሪካ።"

ሠርክአዲስ የውሰት ክፍሉን በር በሩጫ ነው የከፈተችው። አቶ ኣረጋዊ ለኮሚቴው የሚያቀርቡትን እያስተካከሉ ነበር። ጉዳዩን አንድ ባንድ ስትነግራቸው መነጽራቸውን አላወለቁም።

"አሁን ደግሞ ተረት አገኘች ማለት ነው" አሉ።

"ጋሽ ኣረጋዊ፣ ተረት ይሁን። ግን እውነት ከሆነስ? መጽሐፉ አሁን ወረቀት መፍጫ ደጃፍ ላይ ነው ያለው።"

ይህን ጊዜ ቀለማቸው ተለወጠ። ስለ ልጅቷ ያላቸው ሐሳብ አልተለወጠም፤ የፈሩት ለመጽሐፉ ነው። ኮታቸውን ከወንበሩ ላይ ነጥቀው ወጡ። በሩን መቆለፍ እንኳ ረሱ።

የፋብሪካው ስልክ ቁጥር ያለው ሰው አልተገኘም። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ስልኩን አያነሳም። መንገድ ላይ ባጃጅ አስቁመው ሦስቱም ከኋላ ተጣበው ተቀመጡ፤ ጁዋይሪያ ከመሐል። አቶ ኣረጋዊ ለሾፌሩ በትግርኛ አቅጣጫውን ነገሩት። ወደ ውቅሮ የሚወስደው መንገድ ላይ የጭነት መኪኖች ተሰልፈው ነበር። ባጃጁ በመሐላቸው እየተሽሎከለከ፣ እየቆመ፣ እንደገና እየተንደረደረ ሄደ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ" አሉ አቶ ኣረጋዊ ድንገት፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ እንዳደረጉ። "ሰርቃለች ብዬ ጽፌብሻለሁ። መጽሐፉን በዐይኔ ካላየሁ የጻፍኩትን አልሰርዝም። እዚያ ደርሰን ከሌለ ኮሚቴው ፊት የምናገረው ያንኑ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች ጁዋይሪያ። "አንተ መጽሐፍህን ትወዳለህ።"

ሠርክአዲስ ጎኗን በክርኗ ነካ አደረገቻት። "'እርስዎ' በያቸው። ትልቅ ሰው ስታናግሪ 'እርስዎ' ነው የሚባለው።"

ጁዋይሪያ ግራ ተጋባች። ቀስ ብሎ ሲገባት ፊቷ በእፍረት ተለበለበ። "ሰኞ ዕለት... ስድብ ነበር?"

አቶ ኣረጋዊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ፋብሪካው የቆርቆሮ አጥር ያለው ግቢ ነው። በሩ ላይ የተቀበለቻቸው ዳናይት የምትባል የፈረቃ ኃላፊ ናት፤ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች ወጣት ሴት። አቶ ኣረጋዊ በትግርኛ፣ ሠርክአዲስ በአማርኛ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጀመሩላት።

"ዋእ! አንድ በአንድ!" አለች። ሰምታ ስትጨርስ ራሷን ነቀነቀች። "ተመዝኖ የገባ ወረቀት ያለ ደብዳቤ አይወጣም። ከዩኒቨርሲቲው ማኅተም ያለው ደብዳቤ አምጡ።"

"ደብዳቤው እስኪጻፍ እኮ ትፈጩታላችሁ!" አለች ሠርክአዲስ።

"የእኔ ሥራ መፍጨት ነው፣ ሓፍተይ።"

አቶ ኣረጋዊ ወደ ሴቲቱ ጠጋ ብለው ዝግ ባለ ድምፅ በትግርኛ ተናገሩ። ሠርክአዲስ ሁሉም አልገባትም። "ጓለይ" የሚለውን፣ ልጄ ማለታቸውን፣ "ጆንያ" የሚለውንና የውሃ ጉድጓድ የሚለውን ብቻ ለየች። ዳናይት ዞራ የመጋዘኑን በር ገፋ አደረገች።

"ሠራተኞቹ ምሳ ላይ ናቸው" አለች በመጨረሻ፣ ሁሉም እንዲሰሟት በአማርኛ። "ሲመለሱ ማሽኑ ይነሳል። የጠዋቱ ጭነት ነው ተራው። እስከዚያ ፈልጉ። ደወሉ ከተደወለ በኋላ ግን ክምሩ ላይ ሰው እንዳላይ።"

መጋዘኑ ውስጥ የወረቀት ክምር እስከ ጣሪያው ማገር ደርሷል። የጠዋቱ ጭነት ከማሽኑ አጠገብ ብቻውን ፈሷል፤ ቢሆንም የአንድ ክፍል ስፋት አለው። ሠርክአዲስ ዘልላ ገብታ ማገላበጥ ጀመረች። መጻሕፍቱ ሽፋን የላቸውም። ጠንካራው ልባድ ማሽኑን ስለሚጎዳው ሠራተኞቹ ጠዋቱን ሁሉ በቢላ ሲልጡ ነው የዋሉት። ልባዶቹ በአንድ ጥግ፣ ቆዳቸው የተገፈፈ ጥራዞች በሌላ ጥግ።

አቶ ኣረጋዊ ወደ ልባዶቹ ሄዱ። ቡናማ ጨርቅ ልባድ፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈ ቁጥር። እየወረወሩ፣ እያገላበጡ ፈለጉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እጃቸው ቆመ።

"ሠርክአዲስ።"

ይዘውት ነበር። ቡናማው ልባድ፣ የራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ያለበት ቁጥር፣ ውስጡ ባዶ። ሰውየው እዚያው ክምር ላይ ተቀመጡ። ልባዱን እንደ ተከፈተ መስኮት በሁለት እጃቸው ያዙት።

ልጅቷ አልዋሸችም። ይሄ አሁን ተረጋግጧል። ግን የማረጋገጫው መልክ ለሠርክአዲስ ደስታ አልሰጣትም።

"ሽፋኑን ተዉት" አለች ጁዋይሪያ። "ውስጡን እኔ አውቀዋለሁ።"

ጫማዋን አውልቃ ጥራዞቹ ላይ ወጣች። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ ያነበበችው መጽሐፍ ነው። ወረቀቱ ስስ ነው አለቻቸው፤ ሲነኩት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይንኮሻኮሻል። ታይፑ የእንግሊዝኛዋን 'ኦ' ፊደል ሁሉ በስቶ አልፏል፤ ገጹን ወደ ብርሃን ካነሱት ቀዳዳ ቀዳዳ ያሳያል። ሦስቱም በእጃቸው እየዳሰሱ ፈለጉ። ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሻካራ። አይደለም፣ አይደለም፣ አይደለም። አቧራው ጉሮሯቸውን ከረከረው። ሠርክአዲስ ሰዓቷን ማየት ፈርታ እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች።

ደወሉ ተደወለ።

ሠራተኞቹ አፋቸውን በጨርቅ እየሸፈኑ ገቡ። ዳናይት ከመቆጣጠሪያው አጠገብ ቆማ እጇን አወዛወዘች። "በቃ! ውረዱ!"

"አንድ ጊዜ ብቻ፣ እባክሽ!" ጮኸች ሠርክአዲስ።

"ውረዱ አልኩ! ሰው ሲጎዳ የምጠየቀው እኔ ነኝ!"

ማሽኑ አጓራ። እንደ ቀበቶ የተዘረጋው ተንቀሳቃሽ ጎማ ተጎተተ፤ ከጫፉ በኩል ሁለት ወንዶች በመንሽ ወረቀት ይጭኑበት ጀመር። ጎማው ወረቀቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ሲደርስ ውሃ ወደሚሽከረከርበት ገንዳ ይደፋዋል። አቶ ኣረጋዊ ልባዱን በብብታቸው ይዘው ወረዱ። ሠርክአዲስ ወረደች። ጁዋይሪያ ግን መሐል ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ጎማውን ታያለች።

"ሰማያዊ!" አለች።

ከተጫነው መሐል የታጠፈ ወረቀት ጫፍ ብቅ ብሏል፤ በእጅ የተቀባ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ እንደ ጅረት የሚጠማዘዝ። ጎማው ግማሹን አቀበት ወጥቷል። ጁዋይሪያ ከክምሩ ዘልላ ወረደች፤ ወደ ጎማው ሮጠች፤ ቀሚሷን ሰብስባ በብረቱ ጠርዝ ላይ ተንጠለጠለች።

"ኣጥፍእዮ!" ብለው አቶ ኣረጋዊ በሙሉ ድምፃቸው ጮኹ። "ማሽኑን አጥፊው! ልጅቷን ይበላታል!"

ዳናይት ቀዩን ቁልፍ በመዳፏ መታችው። ጎማው ተንገጫገጨና ቆመ። ድምፁ ከቆመ በኋላ የተሰማው የገንዳው ውሃ መንቦጫቦጭ ብቻ ነበር። ጁዋይሪያ በሆዷ ጎማው ላይ ተዘርራለች፤ ሁለት እጆቿ ወደ ፊት ተዘርግተው አንድ ጥራዝ ጨምድደዋል።

አውርደው መሬት ላይ አቆሟት። አቶ ኣረጋዊ ክንዷን ይዘው ደገፏት እንጂ መጽሐፉን አልተቀበሏትም፤ ለእሱ ገና አልደረሱም። "ምን ነካሽ? ለወረቀት ብለሽ? ለወረቀት ብለሽ ልትሞቺ?" ይላሉ።

ከዚያ መጽሐፉን አዩት። ገጾቹ አሉ። ከካርታዎቹ ግን አንዱ ጎድሏል፤ ከመጨረሻው የተሰፋው፣ ከኋላ ተቀዶ ጎማው ላይ ቀድሞ የሄደው። ሠርክአዲስ ወደ ገንዳው ጠርዝ ሄዳ ተመለከተች። ግራጫ አጥሚት የመሰለ ነገር ይሽከረከራል። ተመልሳ መጥታ ራሷን ነቀነቀች።

ዳናይት መጽሐፉን በዕቃ መያዣ ከረጢት አድርጋ ሰጠቻቸው። "አሁን ሂዱ" አለች። "ደብዳቤውን ነገ ላኩልኝ። እንዳትረሱ፣ እኔም አለቃ አለኝ።"

ኮሚቴው ክፍል ሲደርሱ ስብሰባው ተጀምሯል። ሰብሳቢው ዶክተር ሃብተማርያም ሦስቱን ከላይ እስከ ታች ተመለከቷቸው፤ በአቧራ ነጭ የሆነ ኮት፣ የተቀደደ ቀሚስ፣ በከረጢት የተያዘ ጥራዝ።

"ከሳሽና ተከሳሽ አብራችሁ ነው የመጣችሁት?"

"አዎ" አሉ አቶ ኣረጋዊ። ልባዱን ጠረጴዛው ላይ፣ ጥራዙን ከጎኑ አኖሩ። "መጽሐፉን ከማይወጣበት ክፍል አውጥታዋለች። ይህ እውነት ነው፤ አልለውጠውም። አልሰረቀችም፤ ይሄም እውነት ነው፤ የመመለሻው መስሏት የሚጣሉት መጻሕፍት ሣጥን ውስጥ ከታዋለች። ሰርቃለች ብዬ የጻፍኩት ስሕተት ነው፤ ይሰረዝልኝ።"

"በስሕተት የሚጣልበት ሣጥን ከተተችው ነው የምትሉት?" አለች ከሬጅስትራር የመጣችው የኮሚቴ አባል ናፍቆት። "ዩኒቨርሲቲ ደረጃ የደረሰ ተማሪ ይህን ይስታል?"

ሠርክአዲስ እስካሁን እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ሳትጠየቅ ተናግራ አታውቅም። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች፤ ድምፁ የእሷ አልመስላት አለ። "እናንተ ቢሮ 'ዊዝድሮው' ያደረገ ተማሪ ምን ይሆናል?"

"በፈቃድ ይወጣል። ጊዜው ሲደርስ ይመለሳል።"

"ድሮፕ የተደረገ ኮርስስ?"

"ይሰረ..." ናፍቆት አፏን እንደከፈተች ቆመች።

ማንም አልሳቀም። ዶክተር ሃብተማርያም እስክሪብቶአቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሠርክአዲስ የቀረውን ጨመረች፤ ሐሙስ ዕለት "ሪዘርቭ ነው" ብላ መጽሐፉን የሰጠቻት እሷ መሆኗን፣ ምን ማለት እንደሆነ አለመንገሯን። ይህን ስትናገር አቶ ኣረጋዊ ዞር ብለው አዩዋት።

አስወጥተዋቸው ተመካከሩ። ኮሪደሩ ላይ ሦስቱም ቆመው ጠበቁ። ወንበር ነበረ፤ የተቀመጠ ግን የለም። ጁዋይሪያ በዐረብኛ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

እግድ የለም ተባለ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ግን ከፋይሏ ጋር ይቀመጣል፤ መጽሐፉ ከክፍሉ ወጥቷልና፣ አንድ ካርታም ጠፍቷልና። ጁዋይሪያ ውሳኔው ሲነበብላት "ማስጠንቀቂያ" የሚለውን ቃል አላወቀችውም። ሠርክአዲስ ጆሮዋ ላይ "ትማሪያለሽ ማለት ነው" አለቻት። ያን ጊዜ ሻርፗን ዐይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ደረጃውን ሲወርዱ ወደ አቶ ኣረጋዊ ዞረች። "እርስዎ..." ብላ ጀመረች፤ የሚቀጥለውን ግሥ ፈልጋ አጣችው። "እርስዎ ይቅር በለኝ።"

"ይቅር ይበሉኝ ነው የሚባለው" አሉ አቶ ኣረጋዊ። ጥቂት ደረጃዎች ከወረዱ በኋላ ደግሞ፣ "እኔም ይቅርታ ልጠይቅሽ ይገባል። ሌባ ብዬሻለሁ።"

በማግስቱ ሠርክአዲስ ከውጭ አገር የመጡትን ተማሪዎች ሁሉ ሰብስባ ግድግዳውና ሳጥኖቹ ላይ ያሉትን ቃላት አንድ በአንድ አነበበችላቸው፤ ምን ማለት እንደሆኑ ከመናገሯ በፊት ምን እንደሚመስሏቸው ጠየቀቻቸው። ከጁባ የመጣ አንድ ረጅም ልጅ "ረፈረንስ" የሚለው የማጣቀሻ መጻሕፍት ክፍል የሥራ ምስክር የሚጻፍበት ቢሮ መስሎት እንደነበር፣ ስለዚህም አንድ ሙሉ ሴሚስተር አንድም ቀን ገብቶበት እንደማያውቅ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ማውራት ጀመሩ። አቶ ኣረጋዊ ከኋላ ቆመው ይሰሙ ነበር። ጥቂት ሰምተው ወደ ውሰት ክፍላቸው ገቡና መርፌና ወፍራም ክር ይዘው ተቀመጡ፤ ጥራዙን ወደ ልባዱ መልሰው መስፋት ነበረባቸው።